ባለታሪኮቻችን ስለ ምን በአንድ አፍ ይናገራሉ?

በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ መጻፍ ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራትን መጽሐፍ በሮማ ከተማ ያሳተሙት በ1900 ዓ.ም. ነበር። በዚያች መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ደጋግ ሰዎች ከመጠን በላይ መልከ መልካም፣ ከመጠን በላይም ቅን መሆናቸውን አይተን አንወቅስም፤ መንገድ ያልነበረበትን ዱር መጀመሪያ የመነጠረ ሰው ስለ መንገዱ መጣመም አይጠየቅምና። ከእርሳቸው በኋላ የመጣ ግን ይጠየቃል። «ገና ጀማሪዎች ነን» የሚለው ቃል ዛሬ ለማንም ደራሲ መሸሸጊያ ሊሆነው አይገባም እንላለን። ይህንንም ማስቀደማችን ያለ ነገር አይደለም፤ ልንከራከርበት የተነሣነው ጉድለት በተነሣ ቍጥር በዚሁ ቃል ሲሸፈን ስላየን ነው።

ጉድለቱም ይህ ነው። ከአዳዲሶቹ ልብ ወለድ መጻሕፍት አንዱን አንሥተን፣ ሁለት ሰዎች ከሚነጋገሩበት ገጽ ላይ ስማቸውን በጣታችን ብንሸፍነው፣ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አይቻለንም። ባላገሩ እንደ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ጸሐፊው እንደ ሰባኪ፣ የቤት ሠራተኛዪቱም እንደ መምህር ይናገራሉ። ሁሉም «ከዚህ አንጻር» ይላሉ። ሁሉም የተማሩበት ትምህርት ቤት አንድ ነው፤ እርሱም የደራሲው ትምህርት ቤት ነው። በዚህ ላይ ሌላ ይጨመራል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ልጁን ከደጅ ያባረረ፣ የሽማግሌ ቃል የማይሰማ ጨካኝ አባት፣ መጽሐፉ ማለቅ ስላለበት ብቻ በመጨረሻው ምዕራፍ አልቅሶ ይመርቃል። ፈሪው ጠላት በሚፈለግበት ገጽ ላይ ደፋር ይሆናል፤ ፊደል ያልቈጠረው ዘበኛ ምሥጢሩ መገለጥ ስላለበት ደብዳቤውን አንብቦ ይገኛል። ሁሉም በአንድ አፍ መናገራቸውና አንዱ ሰው በየምዕራፉ ሌላ ሰው መሆኑ በመልክ ይለያዩ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ደራሲው የፈጠረውን ሰው አያውቀውም።

ይህን ስንል የምንጠይቀው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ረቂቅ ጥበብ አይደለም። የምንጠይቀው ስሙን የማናውቀው ያገራችን ሰው ሲተርት የሚያደርገውን ነው። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። ይህ ስድስት ቃል ብቻ ነው። አህያ ስለ ዓለም መጨረሻ ስታስብ የሚታያት የሰማይና የምድር ማለፍ አይደለም፤ የሚታያት ሰርዶ ነው፤ ዓለሟ ሰርዶ ነውና። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ሲባልም ኩራቷና ሐፍረቷ ከአንድ መልስ ውስጥ ገብተዋል፤ ይህንንም መልስ ከበቅሎ በቀር ሊመልሰው የሚችል እንስሳ የለም። ጅብ ደግሞ ከማያውቁት አገር ሄዶ «ቍርበት አንጥፉልኝ» አለ። የተከበረ እንግዳ ለመምሰል ቈርጦ ተነሥቷል፤ ዳሩ ግን ክብሩ እንኳ የሚጎትተው ወደ ቍርበት ነው። ልብ እንበል፤ ተራቹ ጅቡ ሆዳም ነው ብሎ አልነገረንም፤ በቅሎዪቱም ታፍራለች አላለንም። የአህያን ቃል ለበቅሎ፣ የበቅሎንም ቃል ለጅብ ብንሰጥ ተረቱ ወዲያው ይፈርሳል። በስድስት ቃል ይህን የሚያህል ሥራ የሠራ ሕዝብ ልጆች በሦስት መቶ ገጽ አንዱን ሰው ከሌላው መለየት አቃተን ሲሉ ሰምቶ ዝም ማለት ያስቸግራል።

ቋንቋችንስ ቢሆን ምን ነሥቶናል? እንግሊዝኛ ለቅርቡም ለሩቁም፣ ለታላቁም ለታናሹም አንድ ቃል ብቻ ስላስቀረ፣ የእንግሊዝ ደራሲ ተናጋሪው ቢያከብር ወይም ቢንቅ «በንቀት ተናገረ» እያለ መጨመር ይኖርበታል። እኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ አለን፤ ከእነርሱም ጋር እያንዳንዱ ግስ ጭራውን ይለውጣል። ስለ ሌላ ሰው ስንናገርም «መጣ» ወይም «መጡ» ከማለት በቀር መካከለኛ መንገድ የለንም፤ አፋችንን በከፈትን ቍጥር ለሰውየው ያለንን ግምት ሳንወድ እንገልጻለን። እንደዚህ ያለ መሣሪያ የያዘ ደራሲ ሰዎቹን መለየት አቃተኝ ቢል፣ ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃ ጠማኝ እንደሚል ሰው ነው።

ስንቶቹ ናቸው በዚህ መሣሪያ የሚሠሩበት? በአንድ ገጽ ላይ ባሏን «እርስዎ» የምትል ሴት ከሁለት ገጽ በኋላ «አንተ» ትለዋለች፤ በሦስተኛው ደግሞ ወደ «እርስዎ» ትመለሳለች። በእውነተኛ ቤት ውስጥ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ለሃያ ዓመት «እርስዎ» የተባለ ባል አንድ ማታ «አንተ» ቢባል፣ ጎረቤት ባይሰማ እንኳ ምሰሶው ይሰማል፤ ወይ ፍቅር ተጨምሯል፣ ወይ ትዳር ተሰንጥቋል። ለደራሲው ሙሉ ምዕራፍ የሚሆን ነገር ነበረ። እርሱ ግን ሳያውቀው አልፎታል፤ ያረመለትም ሰው ሳያውቀው አልፎለታል። በተከታታይ ድራማዎቻችን ላይ፣ ይልቁንም ጽሑፉ ለብዙ ጸሐፊዎች በሚከፋፈልበት ጊዜ፣ አንዲት ሠራተኛ እመቤቷን ሰኞ «እትዬ» ስትል ሰንብታ ሐሙስ በስማቸው ስትጠራቸው የምንሰማውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ጉዳይ ለሦስት ሰዎች እንስጥ። ሦስቱም ዕዳ አለባቸው፤ ሦስቱም ዛሬ ገንዘብ የላቸውም። ባላገሩ «ጌታዬ፣ እህሉ ገና ከማሳ ነው፤ ለጥምቀት ይበሉኝ» ይላል። ነጋዴው «ወላሂ ዛሬ ከእጄ የለም፤ ዕቃው ይራገፍና ጁምዓ ብቅ በል» ይላል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ግን «ጉዳዩን እየተመለከትሁት ስለ ሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ» ይላል፤ አበዳሪውን ባለጉዳይ አድርጎታል ማለት ነው። (ይህን የምታነቡ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እንደማትቀየሙን ተስፋ እናደርጋለን።) ከሦስቱ አንዱም «ገንዘብ የለኝም» የሚለውን ቃል በቀጥታ አልተናገረም። ቀኑን እንኳ የሚቈጥሩት በየራሳቸው መቍጠሪያ ነው። አንድ ሰው ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው፤ በሚምልበት፣ ጊዜን በሚለካበት፣ በሚፈራው፣ ሊናገር ፈልጎ በሚዘለው ነገር ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። «አማርኛን በንጹሕነቱ መጠበቅ የደራሲ ግዴታ ነው፤ የገበያውንና የማጀቱን አነጋገር ወደ መጽሐፍ ማግባት ቋንቋውን ማበላሸት ነው» ይሉናል። ለቋንቋው ያላቸውን ቅንዓት እናከብራለን፤ ነገር ግን ነገሩን ከሥፍራው አላስቀመጡትም። ደራሲው በራሱ አንደበት ሲተርክ የፈለገውን ያህል ንጹሕና የተዋበ አማርኛ ይጻፍ፤ ዋጋውንም ከዚያ ላይ እንሰጠዋለን። በሰው አፍ ሲናገር ግን አፉ የእርሱ አይደለም፤ ተበድሮታል። ደግሞም የገበያው አማርኛ ንጹሕ አይደለም ያለ ማን ነው? ከላይ የጠቀስናቸው ተረቶች የወጡት ከጽሕፈት ቤት አይደለም።

ይህን ስላልን ግን ወደ ሌላው ስሕተት የሚሮጡትን አንደግፍም። አንዳንዶቹ ባለታሪካቸውን ከጎጃም ወይም ከወሎ ያመጡና፣ ያገሩን ቃል አራት አምስት ያህል በየንግግሩ ላይ እንደ ጨው ይነሰንሱበታል፤ ከዚያም ሰው ፈጠርን ብለው ያርፋሉ። እንደዚህ ያለው ቃል የሰውየውን አገር ይነግረን ይሆናል እንጂ ሰውየውን አይነግረንም። ከአንድ ቀበሌ የወጡ፣ ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ወንድማማች በአነጋገራቸው ይለያያሉ፤ አንዱ የተጠየቀውን ይመልሳል፣ ሌላው ጥያቄውን በጥያቄ ይመልሳል። የደራሲ ሥራ የሚጀምረው እነዚህን ሁለቱን ከለየ በኋላ ነው።

አይቻልም ለሚለን ደግሞ የተቻለበትን እናሳየዋለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ በተተረከ ጊዜ ያነበበው ወጋየሁ ንጋቱ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ጉሮሮ፤ ያም ሆኖ ሰሚው ፊታውራሪ መሸሻን ከጉዱ ካሣ፣ ሰብለ ወንጌልን ከእናቷ ከወይዘሮ ጥሩአይነት ለይቶ ያውቃቸው ነበር። ይህ የተራኪው ታላቅ ችሎታ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ድምፁን የከፋፈለው አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ የተከፋፈለ ቃል ስላገኘ ነው፤ ሁሉም በአንድ አፍ የሚናገሩበትን መጽሐፍ ቢሰጡት ያ ሁሉ ችሎታ የት ይደርስ ነበር? ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጣውን ባል ሁሉ በዘር ሚዛን ይመዝናሉ፤ ከባላገሮቻቸው ጋር ሲጣሉም የሚመዝኑበት ያው ሚዛን ነው። ደራሲው በእርሳቸው ለመሣለቅ በፈለጉበት ሥፍራ እንኳ ያን ሚዛን ከእጃቸው አልነጠቁባቸውም። ጉዱ ካሣም እንዲሁ ነው። አገሩ ሁሉ እብድ ይለዋል፤ እርሱም ይህን ስም እንደ ፈቃድ ወረቀት ይዞት ሌላው የማይደፍረውን ይናገራል። እርግጥ ነው፣ ንግግሩ አልፎ አልፎ ከሚገባው በላይ ይረዝምበታል፤ በእነዚያ ገጾች ላይ ከእርሱ ድምፅ ጀርባ የደራሲው ድምፅ የሚሰማ ይመስለናል። ይህን መናገራችን መጽሐፉን ለማቃለል አይደለም፤ ጉድለቱ ትልቁን ደራሲ እንኳ ደጁ ድረስ እንደሚመጣበት ለማሳየት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የረቀቀው መቃወሚያ ግን ሌላ ነው። «ሰው በባሕርዩ ተለዋዋጭ ነው፤ ዛሬ ደግ ነገ ክፉ ይሆናል፤ ስለ ምን ባለታሪኩን እንደ ሐውልት አቁሙት ትላላችሁ?» የሚለው ነው። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕት ዓመት ስለ ቅኔና ስለ ቴያትር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ባለታሪክ በጠባዩ ሊጸና ይገባዋል ብሏል፤ ተለዋዋጭ ሰው የሚሣል ቢሆን እንኳ ተለዋዋጭነቱ ራሱ የጸና ይሁን የሚል ሐሳብ ጨምሯል። ለነቀፋውም ምሳሌ ያደረገው የኤውሪጲደስን ቴያትር ነው። በዚያ ቴያትር ኢፊጌንያ የምትባለው ልጃገረድ፣ የግሪክ መርከቦች ወደ ትሮያ እንዲጓዙ አባቷ ሊሠዋት መሆኑን ባወቀች ጊዜ ለሕይወቷ ትለምናለች፤ ኋላም በፈቃዷ ለመሞት ትነሣለች። ለአርስጣጣሊስ ለማኟ ልጅና ኋላ የምናያት ልጅ አንድ ሰው አልመሰሉትም። ብዙዎች ከእርሱ በኋላ ለኤውሪጲደስ ተሟግተውለታል፤ እኛም በዚህ ከሊቁ ጋር ሙሉ በሙሉ አንስማማም። ልጅቷ መለወጧ ራሱ ነውር አይደለም። ልንጠይቅ የሚገባን ከልመናዋ እስከ ቍርጥ ሐሳቧ ያለውን መንገድ አየነው ወይስ አላየነውም የሚለውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጨካኙ አባት አያልቅስ አላልንም። ያልቅስ፤ ግን የሚያለቅሰው ያው ሰው ይሁን። ሃምሳ ዓመት የሰው ፊት አይቶ የማያውቅ ኩሩ ሰው ሲያለቅስ እንደ ማንም አያለቅስም። ምናልባት ምርቃቱን የሚሰጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው፤ ምናልባትም ልጁን ሳይሆን የልጁን ልጅ ይመርቃል። እንዲህ ሲሆን ተለውጧልም፣ ያው ነውም። በመጽሐፎቻችን የምናየው ግን ለውጥ አይደለም፤ ጨካኙን ሰው ከበሩ አስወጥቶ በስሙ ሌላ ሰው ማስገባት ነው።

የሚያስቀው ነገር ሐያስያኖቻችን የሚያድኑት ይህንን ሳይሆን ጥቃቅኑን መሆኑ ነው። በገጽ 12 ላይ ሰማያዊ የነበረው ካፖርት በገጽ 80 ላይ ጥቁር ሆነ ብለው በጋዜጣ ይጮኻሉ። ሰርቫንቴስ እ.ኤ.አ. በ1605 ባሳተመው የዶን ኪኾቴ ታሪክ የሳንቾ ፓንሳ አህያ መሰረቋ ሳይነገር ትጠፋለች፤ ቈይታም ተመልሳ ትገኛለች። በዚያው ዓመት እንደ ገና ሲታተም የስርቆቷ ታሪክ ተጨመረ፤ ነገር ግን የገባው ከማይሆን ሥፍራ ስለ ነበረ ሳንቾ ከተሰረቀች በኋላም ሲቀመጥባት ይታያል! በ1615 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ደራሲው በዚሁ ነገር ራሱ ቀልዶበታል። የሼርሎክ ሆምዝ ወዳጅ ዶክተር ዋትሰንም እ.ኤ.አ. በ1887 በወጣው ታሪክ የቈሰለው ትከሻው ላይ ነበር፤ በ1890 በወጣው ቁስሉ ወደ እግሩ ወርዷል። ስሙ ጆን ሆኖ ሳለ በ1891 በወጣ ታሪክ ሚስቱ ጄምስ ብላ ጠርታዋለች። ይህን ሁሉ አንባቢ ይቅር ብሎታል፤ ዋትሰን ትከሻውም እግሩም ቢቈስል ያው ታማኝ፣ ያው የሚደነቅ ዋትሰን ነውና። ሆምዝ አንድ ቀን የሰማውን ሁሉ ሳይመረምር የሚያምን ሞኝ ሆኖ ቢቀርብ ግን ማን ይቅር ይለው ነበር? ካፖርቱን አራሚው በሁለት ደቂቃ ያቃናዋል፤ ሰውየውን ግን አያቃናውም።

ይህ ማለት ጥቃቅኑን ማወቅ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ኤሚል ዞላ እ.ኤ.አ. ከ1871 እስከ 1893 የአንድ ቤተ ዘመድ ታሪክ በ20 መጻሕፍት ሲጽፍ፣ ለየመጽሐፉ ፋይል ከፍቶ የሰዎቹን ዕድሜ፣ መልክ፣ ጠባይና የዘር ሐረግ እያንዳንዱን መዝግቦ ይይዝ ነበር፤ ከእነዚህም ፋይሎች አብዛኞቹ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በአገራችን ከሚጽፉት ብዙዎቹ ቀን ቀን የመንግሥት ሠራተኞች መሆናቸውን ስናስብ ይህ ነገር ይደንቀናል። ቀን ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ ፋይል ከፍቶ የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌ፣ ማመልከቻውን ያቀረበበትን ዕለት የሚመዘግብ ሰው፣ ማታ ለፈጠረው ባለታሪክ አንድ ብጣሽ ወረቀት ይነፍገዋል።

በዚያ ብጣሽ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ስም ነው፤ በስም አወጣጥም ትልቅ ቸልተኝነት እናያለን። አበበ፣ አለሙ፣ አየለ፣ አስፋው የሚባሉ አራት ጓደኛሞች በአንድ ክፍል ሲሰበሰቡ አንባቢው የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ቢስት አይፈረድበትም። ከዚህም በላይ ስማችን የሚናገር ስም ነው። ምትኬ፣ ማስረሻ፣ ካሣ የተባለ ልጅ ባብዛኛው ከእርሱ በፊት ባለፈ ወንድም ወይም ዘመድ ፋንታ የተሰየመ ነው፤ እናቱ በጠራችው ቍጥር የምታስበው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ደራሲ ግን ባለታሪኩን ምትኬ ብሎ ሰይሞ፣ ቤቱ ኀዘን ገብቶበት የማያውቅ የደስታ ቤት ነበር ይለናል። ስሙን የመረጠው ድምፁ ስላማረው ብቻ ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው መቃወሚያ ከሁሉ የሚበዛው ነው። «ልብ ወለድ የሚጻፈው ለትምህርት ነው፤ ትምህርቱ ከተላለፈ ባለታሪኩ በማንም አፍ ቢናገር ምን ይጎዳል?» ይላሉ። የሚጎዳውን እንነግራቸዋለን። ልብ ወለድ ከሚያነቡት ተማሪዎች ብዙዎቹ ነገ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ባላገሩ በመጽሐፍ ውስጥ እንደ ማስታወሻ ደብዳቤ አሳጥሮና ከፋፍሎ ሲናገር እያነበበ ያደገ ወጣት፣ አንድ ቀን እውነተኛው ባላገር ከፊቱ ይቆማል። ሰውየው የመሬቱን ነገር ከአያቱ ጀምሮ ያነሣል፤ ድንበሩን የሚቈጥረው በዋርካና በጅረት ነው፤ ዋናውን ነገር የሚናገረው ሊወጣ በሩን ከያዘ በኋላ ነው። ወጣቱም ወሬኛ ነው ብሎ ያቋርጠዋል፤ ወይም የሚሸሽገው ነገር ያለው ይመስለዋል። እንደዚህ ያለ ሰው ሲናገር በአንድም መጽሐፍ ሰምቶ አያውቅማ። የቤት ሠራተኛዪቱም ነገር እንዲሁ ነው። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ስንት ጊዜ ገብታ ወጥታለች፣ ስንት ጊዜስ ስለ ድኻ መብት የተዋበ ንግግር አድርጋለች! ድምፅዋን ግን አንድም ቀን አልሰማነውም። ስለ እርሷ የተናገረላት በእርሷ ልብስ ውስጥ የቆመው ደራሲ ነበር። ታዲያ ከዚህ የተላለፈው ትምህርት የማን ነው?

ለመምህራን የምናቀርበው አንድ ሐሳብ አለን። ለተማሪዎች ድርሰት ሲሰጡ ስለ ትጋት ጥቅም ጻፉ ከማለት ይልቅ፣ ከላይ ያነሣነውን ዓይነት አንድ ዕዳ ይስጧቸው፤ ዕዳውን ለአራት የተለያዩ ሰዎች ይስጧቸው፤ ስም እንዳይጽፉ ይከልክሏቸው። ከዚያም የአንዱ ተማሪ ጽሑፍ በክፍሉ ፊት ይነበብና የቀሩት ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ይወቁ። ያላወቁት እንደ ሆነ፣ የእጅ ጽሕፈቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ወረቀቱ ለባለቤቱ ተመልሶ እንደ ገና ይጻፍ።